ባለሁለት ቁልፍ ሽንት ቤት በሊድ ስሌት እንዴት ይያዛል?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ ለአንድ ጂ+4 ቢሮ የሊድ አረንጓዴ ሕንፃ ሰርተፍኬት እያዘጋጀን ነው፤ 4ኛው እትም። የሽንት ቤት ውሃ ስሌቱ እኔ ላይ ወደቀ። ሠራተኛው 120 ነው፣ ግማሹ ሴት። መቀመጫዎቹ ባለሁለት ቁልፍ ናቸው፤ ትንሹ 3፣ ትልቁ 6 ሊትር ያወርዳል። የወንዶች መሽኛ 3.8 ሊትር። አለቃዬ «ሁሉንም በ3 ሊትር አስላው» ይላል። ያስኬዳል?

ሳኒተሪው፦
አያስኬድም ወንድሜ፣ ይመልሱብሃል። መነሻው፣ ማለትም ሊድ ቁጠባውን የሚያነጻጽርበት ቁጥር፣ ለመቀመጫ 6፣ ለመሽኛ 3.8 ሊትር ነው። ሴት በቀን 3 ጊዜ መቀመጫ፣ ወንድ 1 ጊዜ መቀመጫና 2 ጊዜ መሽኛ ይጠቀማል ተብሎ ይያዛል።
ሴቶች 60 × 3 × 6 = 1,080
ወንዶች 60 × 1 × 6 = 360
መሽኛ 60 × 2 × 3.8 = 456
ድምሩ በቀን 1,896 ሊትር።
ወደ አንተ ሕንፃ ስንመጣ፣ ሴቶች ሁለቴ ትንሹን፣ አንዴ ትልቁን ይጫናሉ ተብሎ ስለሚታሰብ አማካዩ 4 ሊትር ነው። ወንዶች ግን ለቀላሉ መሽኛ አላቸው። መቀመጫ ላይ ሲቀመጡ ትልቁ ነው የሚቆጠርባቸው። ስለዚህ 720 + 360 + 456 = 1,536። ቁጠባው 19 በመቶ። የሊድ ግዴታ ቢያንስ 20 በመቶ ነው፣ ለጥቂት አነሰ!

የሐይቅ ዳር፦
አይዞህ፣ 20ው የሚታየው ከእጅ መታጠቢያና ከሻወር ጋር ተደምሮ ነው።

ሳኒተሪው፦
እሱ ልክ ነህ፣ ግን በእጅ መታጠቢያው አትተማመኑ። የቢሮ መነሻው በደቂቃ 1.9 ሊትር ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያለው ተራ ቧንቧ ከዚያ በላይ ስለሚያወርድ ጭራሽ ሊያከስር ይችላል። እኔ ብሆን መሽኛውን ባለ1.9 ሊትር አደርገዋለሁ። 456ቱ 228 ይሆናል፣ ቁጠባውም ወደ 31 በመቶ ይወጣል።

ቆጣቢዋ፦
እኛ ቤት ፍላሹ ውስጥ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከተናል። አይሠራም?

ሳኒተሪው፦
ለቤት ይሁን እህቴ፣ ውሃው በደንብ ካጠበ። ለሊድ ግን የሚታየው የአምራቹ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሃይላንዱን ማን ያይልሻል 😄

የታቦር ልጅ፦
ተባረክ! ግቢ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ አለን፤ እሱስ ይቀነስልናል?

ሳኒተሪው፦
አይቀነስም፣ የጉድጓድም ቢሆን ፍጆታ ነው። መሽኛውን ከመግዛትህ በፊት የአምራቹን ወረቀት ከሻጩ ተቀበል። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን አትግዛ።