የእድር ገንዘብ ለደም ግፊት ምርመራ ቢውል ያዋጣል?

ጥያቄ (ገንዘብ ያዥ፣ ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችንን እድር ገንዘብ መያዝ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው አባል ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱንና ስኳሩን በእድሩ ወጪ ይመርመር የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ሰብሳቢያችን «እድር የቆመው ለቀብር ነው፤ ለመሆኑ ይህ ወጪ ይቀንስልናል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። መዝገቤ ድንኳኑ ሲቀደድ የተከፈለውን፣ የብረት ድስትና የአግዳሚ መግዣውን ሁሉ ይዟል፤ ያልታመመ ሰው ያተረፈልንን ብር የምጽፍበት ቦታ ግን የለውም።

ሐሳቡን ያመጣብኝ ጎረቤቴ ሸማኔው ነው። ባለፈው ክረምት ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ቢል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው፣ መነሻውም ግፊት ነው አሉ። በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ተለክቶ አያውቅም። ያ የተጀመረ ጋቢ እስከ ዛሬ እንደተወጠረ አለ። እባካችሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ (ነርስ፣ ደሴ)

ወንድሜ፣ መከላከል ሁሉ አንድ አይደለም። ፈንጣጣን ያስቡ። በአገራችን ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1968 የመጨረሻው ታማሚ ታየ። በ1972 የዓለም ጤና ድርጅት ከምድር መጥፋቱን ካወጀ ወዲህ ልጅ ለፈንጣጣ ማስከተብ ቀርቷል። እንዲህ ያለው በእርግጥ ያተርፋል።

ግፊት ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ለክተው አብዛኛውን «ደኅና ነህ» ብለው ይሸኛሉ። የተገኘበት ደግሞ ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ኪኒን ይውጣል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ባይውጡም ስትሮክ አይመታቸውም ነበር። የትኛው እንደሚመታ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ለሁሉም ይወጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ ከታዩት የመከላከል እርምጃዎች ወጪ የቀነሱት ከአምስት አንድ እንደማይሞሉ አሳይቷል።

ስለዚህ ለሰብሳቢዎ «ይቆጥብልናል» ብለው ቃል አይግቡ። ሸማኔው ሲታመም ለማሳከሚያው ብር ስታዋጡ «ምን ያተርፍልናል?» ብሎ የጠየቀ ነበር? ለማሳከሚያ ያልተጠየቀውን ትርፍ ለምርመራ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚጠየቀው በዚያው ብር ስንት ሰው ከአልጋ ይተርፋል የሚለው ነው።

መልስ (ነጋዴ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ)

ለክቶ መተው ብር መጣል ነው። እናቴ ግፊት እንዳለባት ተነግሯት ኪኒን ጀመረች፤ ራስ ምታቱ ሲለቃት «ዳንኩ» ብላ ተወችው። ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም ጭምር። ደግሞም የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላቸው አባላት በጤና ጣቢያ ይታያሉ። እዚሁ አጠገባችን ያለችው ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ነገሩ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የእድሩ ብር መድን ለሌላቸውና መድኃኒት ለሚቋረጥባቸው ይዋል።

ገንዘብ ያዥ፣ ኮምቦልቻ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርሷ የጻፉትን ሳነብ እጅጌዬን ሰብስቤ የፈንጣጣውን ክትባት ጠባሳ አየሁት። ለካ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

ትናንት መዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ የተለካ፣ ኪኒን የጀመረ፣ ያቋረጠ። መድን የሌላቸውን ስቆጥር አሥራ አራት ሆኑ። ሰብሳቢያችን ገንዘቡን ገና አልፈቀዱም፤ በወሩ ስብሰባ ዕለት ግን አባላት ይለኩ ብለዋል።

የሰኞ ገበያው ወንድሜ፣ እናትዎ ኪኒኑን መልሰው ጀመሩ?