የእግር ኳስ አሰልጣኝነት ለስፌት ላይን ይሠራል ወይ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ 30 ሰው ያለበት የቲሸርት ላይን (እየተቀባበሉ የሚሰፉበት የማሽን መስመር) ላይ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ተመድቤያለሁ። ከዚህ በፊት የታዳጊ ቡድን አሰለጥን ነበር። የቀን ታርጌታችን 600 ቲሸርት ነው፤ የሚወጣው ግን 500 አካባቢ ነው። እየዞሩ «ቶሎ በሉ» ማለቱ የትም የሚያደርስ አይመስለኝም። ከአሰልጣኝነት የትኛውን ልውሰድ፣ የትኛውን ልተው?

ጦሳ
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ሰዓት ያዝ። በ8 ሰዓት 600 ማለት በሰዓት 75፣ ለአንድ ቲሸርት 48 ሰከንድ ነው። በየማሽኑ ቆመህ ከእያንዳንዷ አሥር አሥር ፍሬ ለካና አማካዩን ጻፍ። እጅጌ የምትገጥመዋ ብቻዋን ሆና 58 ሰከንድ ከፈጀባት፣ ላይኑ በሰዓት ከ62 አያልፍም፤ በቀን 496 መሆኑ ነው። የቀሩት እሳት ቢሆኑም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። የመሃል ተጫዋቹ ኳስ ሳያደርስ አጥቂ ብትቀያይር ጎል እንደማይመጣው ሁሉ። ወይ ሁለተኛ ኦቨርሎክ (ጠርዝ እየቆረጠ የሚሰፋ ማሽን) ጨምርላት፣ ወይ እጅጌ ማጣመዱንና ክር መቁረጡን ለሄልፐር (ለረዳት) ስጥ። ሄልፐሯ 10 ሰከንድ ብታቀልላት ልክ 48 ትገባለች፤ ግን ክር ይበጠሳል፣ መርፌ ይሰበራል፤ ስለዚህ እስከ 43 ብታወርደው ነው የሚያስተማምነው።

ሆጤ ሜዳ
አሰልጣኝ ዋናውን ሥራ የሚጨርሰው በልምምድ ነው። ኳስ እግሩ ሥር ያለ ተጫዋች ከመስመር ዳር የሚጮኸውን ብዙም አይሰማም። ጣቷ መርፌ አጠገብ ያለችውን ልጅ ደግሞ በጩኸት ማስደንገጥ አደጋም አለው። ከፈረቃ በፊት 15 ደቂቃ ውሰድ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ አንድ ነገር ብቻ። ለምሳሌ የእጅጌውን መሃል ምልክት ከትከሻው ስፌት ጋር ማጋጠም። በቁርጥራጭ ጨርቅ አሥር ጊዜ በዝግታ ትሥራው፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተለመደው ስህተት ጨርቁን እየጎተቱ መስፋት ነው፤ ቲሸርት ጨርቅ ስለሚለጠጥ ስፌቱ ሞገድ ይሠራና ኪውሲ (ጥራት ተቆጣጣሪው) ይመልሰዋል። እጇ መምራት እንጂ መሳብ የለበትም።

ሁለተኛው የእረፍት ሰዓት ንግግር ነው። ሜዳ ላይ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ላንተ 7 ይበቃሃል፣ ከምሳ በፊት፣ ቆማችሁ፣ በየሰዓቱ የተሰፋውና የተመለሰው በተጻፈበት ሰሌዳ ፊት። የት ተከመረ? የትኛው ማሽን አስቸገረ? ከሰዓት ምን እንቀይር? የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ አምስት ትእዛዝ ይዞ ከመልበሻ ክፍል የወጣ ተጫዋች አንዱንም አይፈጽምም። መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ፣ አንተ መጨረሻ ላይ። የአንዷ ጥፋት እዚያ አይነሳም፤ ማሽኗ ዘንድ ሄደህ ዝቅ ባለ ድምፅ ንገራት።

የቦርከና ልጅ
ሆጤ ሜዳ ባለው እስማማለሁ፣ «ከፈረቃ በፊት» ካለው በስተቀር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ከዚያ የወጣው፣ ሌሊት ሳይሆን ቀን ከተሠራ 1.5 እጥፍ የሚከፈልበት ትርፍ ሰዓት ነው። ተጫዋች ለልምምዱም ይከፈለዋል፤ ሠራተኛዋን በነጻ ልምምድ ካስመጣሃት አመኔታዋን በመጀመሪያው ሳምንት ታጣለህ። 15ቱን ደቂቃ ፈረቃው ውስጥ አስገባው።

ከኳስ የምትወስደው ትልቁ ነገር ተቀያሪ ወንበሩ ነው። አሁን ባለው ሕግ አሰልጣኝ እስከ አምስት ሰው፣ በሦስት ዕድል ይቀይራል፤ ማን የማንን ቦታ እንደሚሸፍን አስቀድሞ ያውቃል። አንተም ሠንጠረዥ ሥራ፦ ወደ ታች ስሞች፣ ወደ ጎን ሥራዎቹ። 0 አልሞከረችም፣ 1 በእገዛ፣ 2 ብቻዋን ጥራት ጠብቃ፣ 3 በታርጌቱ ፍጥነት። ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሦስት ሰው 2 እና ከዚያ በላይ ይኑርህ። አንድ ስም ብቻ ያለበት ሥራ፣ ልጅቷ የቀረች ቀን ላይኑ የሚቆምበት ነው። ክረምት ሐረጎ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከደሴ የሚመጣው ሰርቪስ ይዘገያል፤ ኦቨርሎኩን በሙሉ ከደሴ በሚመላለሱት አትሙላው። ረመዳን ላይም ጾመኞቹ ጉልበታቸው ጠዋት ላይ ስለሆነ ከባዱን ሥራ ጠዋት አድርገው፣ ለጁምዓም ቀድመህ ሰው አመቻች።

ጠያቂ
አላህ ይስጥልኝ። ቦነሱን በቡድን ባደርገው የሚያለግም አይበዛም?

የቦርከና ልጅ
ሊኖር ይችላል። በግል ብቻ ካደረግከው ደግሞ የጎን የምትሰፋዋ 200 ፍሬ ከምራ ትሄዳለች፣ ቲሸርቱ ግን አልወጣም። ስለዚህ ዋናው ክፍያ ኪውሲ ባለፈው የላይኑ ምርት፣ ትንሹ ደግሞ በግል፦ በሠንጠረዡ ላይ 2 ያገኘችባቸው ሥራዎች ብዛት። በሁለት ማሽን መሃል ከ20 ፍሬ በላይ ሲከመር ሰፍታ የምታቀብለዋ ቆማ የምትቀበላትን ታግዝ።

ጦሳ
ሰዓት ስትለካ ግን ለምን እንደሆነ አስቀድመህ ንገራቸው። ሳትናገር ስልክ ይዘህ አጠገባቸው ከቆምክ ቅጣት መስሏቸው ወይ ይጣደፋሉ ወይ ቀስ ይላሉ፤ ያ ቁጥር ለምንም አይሆንህም። ልኬቱን ጠዋትና ከሰዓት ውሰደው፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲበረታ የከሰዓቱ ይዘገያል፣ እቅድህን የምትሠራው በእሱ ነው።