ከባሕር የወጣ ብረት ዝገቱ አልቆም አለ፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ወዳጆች። አጎቴ በአሰብ መንገድ ሹፌር ሳለ ዓሣ አጥማጆች የሰጡት፣ ከሰመጠ መርከብ የወጣ የመልህቅ ሰንሰለት ቁራጭ አለን። ክረምት ሲገባ ቡናማ ጠብታ እንደ ላብ ያወጣል፤ ከዚያ ቅርፊቱ ይረግፋል። በግራይንደር አጽድቼ አንቲረስት ብቀባው ይበቃል?

ብየዳ ቤት (ኮምቦልቻ)፦ ተው ወንድሜ! ከሥር ጨው እያለ ብትቀባው ቀለሙ አብጦ ይነሳል። ግራይንደሩ ደግሞ የብረቱን የጥንት ቅርጽ ይዞት ይሄዳል።

የኬሚስትሪ መምህር (ወልድያ)፦ ልክ ነው። ችግሩ ብረቱ ውስጥ የገባው ክሎራይድ፣ ማለትም ከባሕር ጨው የመጣው ንጥረ ነገር ነው። የአየሩን እርጥበት እየሳበ ዝገቱን ያባብሰዋል። የደሴ ጭጋግ ሲጨመርበትማ አስቡት! መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋበት። ካልሳበው ውስጡ ያለቀ ሊሆን ስለሚችል አትነካካው። ከሳበው በፕላስቲክ ባልዲ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በጥብጠህ ዘፍዝፈው። ሶዳውን ውሃው ላይ ጨምር እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፍስ። ጓንትና መነጽር ግድ ነው፤ ልጆችም አይጠጉት። ውሃው ከማደያ የሚገዛው የባትሪ ውሃ (ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ) ቢሆን ይመረጣል። አሲዱን እንዳይሰጡህ ብቻ!

ጠያቂ፦ ለስንት ቀን ቲቸር?

የኬሚስትሪ መምህር፦ ቀን አትቁጠር፤ ወራት ይፈጃል፣ ወፍራም ከሆነ ከዓመት በላይ። ውሃውን እየቀየርክ ጠብቅ። ጨው መቅረቱን ለማየት ከውሃው ትንሽ ወደ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውሰድ። በናይትሪክ አሲድ ካኮመጠጡት በኋላ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ያድርጉበት። ነጭ ደመና ከሠራ ገና ነው።

ብየዳ ቤት፦ ተዘፍዝፎ ሳለ በባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ ብናሳልፍበት አይፈጥንም?

የቅርስ ጥበቃ ተማሪ (ደሴ)፦ ይፈጥናል፤ ግን ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ነው። ቅርሱ ኔጌቲቭ ላይ፣ ተራ ብረት ፖዘቲቭ ላይ ይሁን። ስቴንለስ እንዳታደርጉ፤ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። ጨው ሲያልቅ በባትሪ ውሃ አለቅልቀህ በደንብ አድርቀው። ዝገት የሚከላከል ታኒክ አሲድ ቀባው፣ በላዩ ሰም አቅልጠህ አልብሰው።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጣችሁ! አብሮት የመጣ ድቡልቡል ብረትም አለ፤ የመድፍ ጥይት ነው ይላሉ። እሱንም አብሬ ልዘፍዝፈው?

የቅርስ ጥበቃ ተማሪ፦ የተደፈነ ቀዳዳ አለው?

ጠያቂ፦ አንድ አለው።

የቅርስ ጥበቃ ተማሪ፦ እንዳትነካው! ውስጡ ባሩድ ሊኖር ይችላል፤ ባሕር ውስጥ ስለኖረ ሞቷል ማለት አይደለም። አትብሳው፣ አታሙቀው፣ ተሸክመህም ወደ ሙዚየም አትሂድ። ቤተሰቡን ከክፍሉ አውጣና ለፖሊስ ደውል። ሰንሰለቱ ይደርሳል።