የፑል ስቲኬ ጥርሱ ተበላ፤ ይጠገናል ወይስ ልጣለው?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለሁለት የሚፈታ የፑል ስቲክ አለኝ፤ ወንድሜ ከአሜሪካ ነው ያመጣልኝ። አንድ ጓደኛዬ አጣሞ አስገብቶ በጉልበት ሲያዞረው የሻፍቱ፣ ማለትም የፊተኛው ቀጭን ግማሽ፣ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ጥርስ ተበላ። አሁን እስከ ግማሽ ይገባና ባዶውን ይዞራል። ስመታም መጋጠሚያው ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። አንድ ቶርኖ ቤት ሳሳየው "ይሄ 10 ቡሎን ነው፣ አዲስ ጥርስ አወጣበታለሁ" አለኝ። ልስጠው?

ባለ ቶርኖ፦
እንዳትሰጠው ወንድሜ! ሰውዬው የዋህ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ በዓይን 10 ሚሊ ይመስላል። ግን የአሜሪካ ስቲክ በኢንች ነው የሚሠራው። 3/8 ኢንች ማለት 9.53 ሚሊ ሜትር ነው። ተራው የ10 ቡሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ነው፣ የ3/8 ባለ 10 ፒን፣ ማለትም በ1 ኢንች 10 ጥርስ ያለው የመያዣው ብሎን፣ ግን 2.54 ሚሊ። በ10 ታፕ፣ ማለትም በጥርስ ማውጫው፣ ከተገባበት የተረፈውም ጥርስ ያልቃል።
መጀመሪያ መያዣው ላይ ያለውን ፒን በካሊብሮ ለካ። ከዚያ በ1 ኢንች ውስጥ፣ ማለትም በ25.4 ሚሊ ውስጥ፣ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠር። ቀጥለህ በባትሪ ቀዳዳው ውስጥ እይ። ቢጫ ብረት ነው ወይስ እንጨት? ጥገናው በዚህ ነው የሚለየው።

ዝም ብሎ አላፊ፦
ምን ያስጨንቅሃል፣ የቧንቧ ቴፍሎን ጠምጥምበት።

ባለ ቶርኖ፦
ቴፍሎን ለአንድ ምሽት ጨዋታ ይሆናል። ሻፍቱ ግን መሀሉን ይለቅና ኳሷ ወዳላሰብከው ትሄዳለች።

ጠያቂ፦
ለካሁት። 9.5 ይመጣል፣ በኢንች 10 ጥርስ። ቀዳዳው ውስጥ ነጭ እንጨት ብቻ ነው የሚታየኝ። ሜፕል ነው ብሎኛል ወንድሜ።

ባለ ቶርኖ፦
3/8 ባለ 10 ነው፤ ጥርሱም እንጨቱ ላይ የተቆረጠ ነው። እንግዲያው እዳው ገብስ ነው። የናስ ቡሽ፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የተተከለ ባለ ጥርስ ቢጫ ብረት፣ ያላቸው፣ ብዙዎቹ 5/16 ባለ 18 እና ባለ 14 ናቸው፣ ሌላ ጣጣ አላቸው። እነሱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚላቀቀው ጥርሱ ሳይሆን ቡሹ ራሱ ነው። አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ በኢፖክሲ፣ ሁለቱን ቀላቅለህ በምትቀባው ሙጫ፣ መልሶ መትከል ነው።

አናጢው፦
ለእንጨቱ እኔ ልንገርህ። ውኃ የሚመስለውን ቀጭኑን ሱፐር ግሉ ግዛ። ወፍራሙ እንጨቱ ውስጥ አይሰርግም፣ ጥርሱ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። ቀዳዳውን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረግ። ሁለቱ ግማሾች የሚሳሳሙበትን ፊት በፕላስተር ሸፍን፤ እዚያ ጠብታ ከደረቀ መጋጠሚያው ገጥሞ አያርፍም። ከዚያ ጥቂት ጠብታ በጎንና በጎን እያንጠባጠብክ ሻፍቱን አዙር፣ ጥርሱ ሁሉ ይጠጣ። ትርፉ እንዲወርድ ቀዳዳውን ወደ ታች ዘቅዝቀህ እስከ ነገ ተወው።
በጥጥ እንዳትጠርገው! ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ በጣም ይግላል፣ ያጨሳል፣ ያቃጥላል። መስኮትም ክፈት፣ ጭሱ ዓይን ይለበልባል።
በማግስቱ ፒኑን ሻማ ቀባው። ቀስ ብለህ ግማሽ ዙር አስገባ፣ መልሰህ አውጣ፣ ብናኙን አራግፍ። እንዲህ እያልክ እስከ መጨረሻ ሂድ። ልል ከሆነ ሌላ ዙር አጠጣው። ሙጫው ሳይደርቅ ፒኑን ካስገባህ ግን ስቲክህ ዳግም አይፈታም።

ጠያቂ፦
ተባረክ አናጢው። ጥርሱ ጨርሶ የረገፈበት ቦታስ? አፉ አካባቢ ሁለት ሦስት ዙር ባዶ ነው።

አናጢው፦
ሱፐር ግሉ የላላውን ያጠነክራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ታችኛው ጥርስ አጥብቆ ከያዘ ተወው፣ ይሠራል። ካልያዘ መድፈን ነው።

ባለ ቶርኖ፦
መድፈኑ የቶርኖ ሥራ ነው። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጠንካራ እንጨት በኢፖክሲ ይተከላል። ደረቅ ወይራ ይሻላል፣ ዋንዛ ለስላሳ ነው። ሲደርቅ መሀሉ ተበስቶ ጥርስ ይወጣለታል። ታፕ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ብትሄድ የሚሰጡህ የ3/8 ታፕ ባለ 16 ነው፣ አትቀበል። ቶርኖው የኢንች ማርሽ ካለው ባለሙያው በቢላ ከውስጥ ይቆርጠዋል።
አንድ ነገር አደራ። በእጅ ትራፓኖ የሚበሳልህን ሰው ሽሽ። ቀዳዳው በፀጉር ያህል ቢጣመም ጫፉ ጋ ስቲኩ ጎብጦ ታየዋለህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካም ጠጋኞቹ የሚሠሩት ያንኑ ነው፣ በሜፕል ወይም ፌኖሊክ በሚሉት ጠንካራ ነገር ይደፍኑታል። ስቲኩ ውድ ከሆነ ለሚመጣ ሰው አስይዘህ ላከው። ሻፍቱን ብቻ ሳይሆን መያዣውንም ላክ፣ የሁለቱን ውፍረት አጋጥመው ነው የሚያስተካክሉት። አዲስ ሻፍት ብታስመጣም ፒኑ መግጠሙ አይበቃም፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው ውፍረት እኩል ካልሆነ ጠርዙ እጅህን ይቧጥጣል።

የድሮ ከረንቡላ ተጫዋች፦
ልጆች፣ ጥርስ የሚበላው በችኮላ ነው። ሁለቱን አቅናና መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙር፤ ጥርሱ ሲገናኝ ጠቅ ሲል ይሰማሃል። ከዚያ ወደ ፊት። በሁለት ጣት የማይዞር ከሆነ ቆም በል። ለጓደኛ ስታውስም አንተው ግጠምለት።

ጠያቂ፦
እሺ ጋሼ፣ ለማንም አላስነካም። ሱፐር ግሉውን ዛሬ እጀምራለሁ። ፒኑ ላይ ሙጫ ቢቀርበትስ?

አናጢው፦
በአሴቶን፣ ማለትም በጥፍር ቀለም ማጥፊያ፣ ብሩሽ ነክረህ ፈግፍገው። የስቲኩን ቫርኒሽ ግን እንዳይነካ፣ ይልጠዋል።