ቦሩ ሜዳ፦ የባሕር ዛፍ ጂኦዴሲክ ዶም ሠርቶ በጭቃ መምረግ ይቻላል?

የቦሩዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ዙሪያ፣ ቦሩ ሜዳ ግቢያችን ውስጥ ለልጆች ማንበቢያና ለእንግዳ ማረፊያ የምትሆን ክብ ክፍል ልናሠራ አስበናል። ሐሳባችን ጂኦዴሲክ ዶም ነው (ቀጥ ያሉ ዘንጎች በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ተጋጥመው የሚሠሩት የግማሽ ኳስ ቅርጽ)፤ ሬዲየሱ 3 ሜትር፣ አጽሙ ባሕር ዛፍ፣ ላዩ እንደ ጭቃ ቤት በጭድ የቦካ ጭቃ። ብረትና ሲሚንቶ በተቻለ መጠን እንዲያንስ እንፈልጋለን። ባሕር ዛፉ ከግቢ አለ፣ የጤፍና የገብስ ጭድም አይቸግርም። መሬቱ ግን በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር መረሬ ነው። ክረምቱን ታውቁታላችሁ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውርጭ አለ።

ስንት እንጨት በምን ልክ ይቆረጣል? ጭቃው ዝናቡን ይችለዋል? መሠረቱስ በዚህ አፈር ላይ እንዴት ይሁን? በሙያው ያላችሁ በቁጥር ብትነግሩኝ።

አናጺ ዘጦሳ

አብሽሪ እህቴ፣ ክፍሉ ይሠራል። ሌላውን ሁሉ የሚወስነው ጭቃው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር፦ ዶም ላይ ጭቃ አይመረግም። ጭቃ ቤት በእኛ ደጋ ዕድሜ የሚያገኘው ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ዝናቡን ስለሚያርቅለት ነው። ዶም ታዛ የለውም፤ ጣሪያውም ግድግዳውም እሱው ስለሆነ የሐምሌ ዝናብ ምርጊቱን በቀጥታ ያጥበዋል። ክብደቱም አለ። የ3 ሜትር ዶም ላይኛው ገጽ 52.5 ካሬ ሜትር ነው። 5 ሳ.ሜ. ምርጊት ስታደርጊበት 2.6 ሜትር ኩብ ጭቃ ይሆናል፤ ደርቆ 4 ቶን ገደማ፣ ሲርስ ከዚያ በላይ። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ይህን ያህል ጭቃ ከሰው ራስ በላይ መስቀል ለማንም አልመክርም።

ስለዚህ ጭቃው ግድግዳ ይሁን፣ ዶሙ ቀላል ጣሪያ ይሁን። አሥር ምሰሶ በ3 ሜትር ሬዲየስ ክብ ላይ አቁሚ፤ ዶሙ በምሰሶዎቹ ላይ ይቀመጥ። የጭቃውን ግድግዳ ከምሰሶዎቹ 40 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ አስገቢው። እንዲህ ሲሆን ግድግዳው ጣሪያ አይሸከምም፣ ውሃውም ከእሱ ርቆ ይወርዳል።

በር የሚቸግረውም በዚሁ ይፈታል። ይህ ዶም መሬት ላይ ቢቀመጥ የታችኞቹ ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ 1.34 ወይም 1.58 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ እንኳ ይቸገራል። አንድ ዘንግ ቆርጦ በር መክፈት ደግሞ ዙሪያውን የያዘውን ሰንሰለት መበጠስ ነው።

አሁን ልኩ። ለዚህ ስፋት ሁለት ዓይነት ዘንግ ብቻ ያለው ዶም ይበቃል። አጭሩን «ሀ»፣ ረጅሙን «ለ» እንበለው። «ሀ» ሬዲየሱ በ0.5465 ሲባዛ ነው፣ 1.64 ሜትር፤ ብዛቱ 30። «ለ» ሬዲየሱ በ0.618 ሲባዛ ነው፣ 1.854 ሜትር፤ ብዛቱ 35። መጋጠሚያው 26 ነው፦ ከታች አራት ዘንግ የሚይዙ 10፣ አምስት የሚይዙ 6፣ ስድስት የሚይዙ 10። ልኩ ከመጋጠሚያ መሐል እስከ መጋጠሚያ መሐል መሆኑን አትርሺ። መጋጠሚያው የአራት ኢንች ቱቦ ቁራጭ ከሆነ የውጭ ስፋቱ 11.4 ሳ.ሜ. ስለሆነ እንጨቱ ራሱ 1.526 እና 1.74 ሜትር ተደርጎ ይቆረጣል። አብዛኛው ዶም የማይዘጋው እዚህ ጋ በሚፈጠር ስሕተት ነው። በየዘንጉ 5 ሚ.ሜ. ብቻ ከተሳሳተ ተጠራቅሞ የመጨረሻው ሦስት ማዕዘን አልገጥምም ይላል። ሜትር ይዞ 65 ጊዜ ከመለካት ሁለት ማቆሚያ ያለው ሳንቃ ሠርቶ ሁሉንም በእሱ መቁረጥ ይሻላል።

አገጣጠሙ፦ ከታች 10 «ለ» ዙሪያውን። በእነሱ ላይ ተራ በተራ አንድ ጊዜ ሁለት «ሀ»፣ ቀጥሎ ሁለት «ለ» ጫፍ ለጫፍ ይቆማሉ። የቆሙትን ጫፎች 10 «ሀ» ያያይዛቸዋል። ከዚያ ሁለት «ሀ» ጫፋቸውን ካገናኙበት ከእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ «ሀ» ወደ ላይ፣ ሁለት «ለ» ከተገናኙበት ሁለት «ለ» ወደ ላይ። የላይኛው ቀለበት 5 «ለ»፣ ጫፉ 5 «ሀ»። ጫፉ እስኪዘጋ ድረስ አንድም ቡሎን አይጥበቅ።

እንጨቱ እንደተቆረጠ ይላጥ፣ ጥላ ሥር በአየር መተላለፊያ ተደርድሮ ቢያንስ ሦስት ወር ይድረቅ። ርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል፤ ቡሎኑ ያለው ደግሞ ጫፉ ላይ ነው።

ሞርሳ (ኮምቦልቻ)

በወንድሜ ቁጥር እስማማለሁ። ከእንጨቱ ይልቅ አንድ ኢንች፣ 2 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ክብ ቱቦ ቢሆን ሥራው ይፈጥናል። ጫፉ 6 ሳ.ሜ. ያህል በሞርሳ ይጨፈለቃል፣ በትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ይበሳል፣ «ሀ» 16 ዲግሪ «ለ» 18 ዲግሪ ይጎብጣል፣ በ12 ቁጥር ቡሎን ከሁለት ሮንዴላ ጋር ይታሰራል። ከቀዳዳው ወዲያ በየጫፉ 2 ሳ.ሜ. ስለሚተው መቁረጫው 1.68 እና 1.894 ነው። ከአንድ የ6 ሜትር ቱቦ ሦስት ሦስት ይወጣል፤ በጠቅላላው 22 ቱቦ። ስትጨፈልቁ የቱቦው የብየዳ ስፌት መታጠፊያው ጠርዝ ላይ እንዳይውል፣ ሰፊው ገጽ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ይተረተራል። የተጨፈለቀው ጫፍ ውሃ ስለሚይዝ ከውስጥ ይዝጋል፤ ከታች በኩል ትንሽ ክፍተት ይተውለት፣ ቀዳዳውም አንቲረስት ይቀባ።

የሚያሳስበኝ ልብሱ፣ ማለት ክዳኑ ነው። ከታችኛው ቀለበት በስተቀር ያሉት ዘንጎች ርዝመት 95 ሜትር ይመጣል። ክዳኑ የሚገናኘው በእነሱ ላይ ስለሆነ 95 ሜትር ስፌት አለ ማለት ነው፤ ከጫፉ አካባቢ ደግሞ ገጹ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ውሃው ቶሎ አይወርድም። ሲሊኮን ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅበት ይለቃል፤ እሱን ተማምኖ ጣሪያ አይሠራም። መዳኛው መደራረብ ብቻ ነው፦ ከታች ተጀምሮ የላይኛው በታችኛው ላይ 10 ሳ.ሜ. ይደረብ።

ክዳኑ ላሜራ (ስስ የብረት ሉህ) ከሆነ ደግሞ 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው የሚሸጠው። የአንዱ ሦስት ማዕዘን ቁመት 1.35፣ የሌላው 1.6 ስለሆነ እያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ ይፈልጋል። ቁርጥራጩን በደንብ ብታቻችሉት እንኳ ወደ 55 ላሜራ ይገባል፤ 52 ካሬ ለመሸፈን 110 ካሬ መግዛት ነው። ይህን አስቀድማችሁ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

ሌላው ላብ ነው። በውርጭ ሌሊት የሰው ትንፋሽ ላሜራው ሥር ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የጫፉ ክዳን 10 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ ይታሰር፤ ከታች ደግሞ አቡጀዲ ወይም የሸንበቆ ኮርኒስ ይግባ።

የቦሩዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ተዘርዝሮ ያየሁበት ቦታ የለም። ግን 55 ላሜራ ከገባ የፈራነው ብረት መጣ ማለት ነው። ዶሙን በሣር መክደን አይቻልም?

ጭድና እበት

አይቻልም እህቴ። ሣር ውሃ የሚያወርደው ከ45 ዲግሪ ያላነሰ ተዳፋት ሲያገኝ ነው። የዶም ጫፍ ሜዳ ነው፤ ሣሩ እዚያ ውሃ ይዞ ይበሰብሳል። ዓላማችሁ ክብ ክፍልና የአገር ቁሳቁስ ከሆነ አሥሩን ምሰሶ እንዳለ ይዛችሁ ዶሙን በሾጣጣ ጣሪያ ለውጡት። ታዛው ጭምር 3.6 ሜትር ሬዲየስ፣ ከታዛው ጫፍ እስከ ጉልላት 3.6 ሜትር ከፍታ፤ አሥር ወራጅ፣ እያንዳንዱ 5.1 ሜትር። ሣሩ 20 ሳ.ሜ. ውፍረት ይኑረው። ከግቢያችሁ ያለው ባሕር ዛፍ በሙሉ ርዝመቱ ይሠራል፣ መጋጠሚያም አንድ ጉልላት ብቻ ነው። ለክብ ቤት ዶም ግዴታ አይደለም፤ እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ይህን ነው።

መሠረቱ ለሁለቱም ያው ነው። መረሬው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ምሰሶ በቀጥታ አይቀበርበትም። ዙሪያውን 60 ሳ.ሜ. ስፋት 80 ሳ.ሜ. ጥልቀት ቆፍራችሁ መረሬውን አውጡ፣ በ15 ሳ.ሜ. ንብርብር ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) እየጨመራችሁ በደንብ ደልድሉ። አሸዋ ብቻ አይሞላ። ጉድጓዱ ዙሪያው ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ያቁራል፤ ከዝቅተኛው ጥግ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቦይ ከሌለው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በላዩ የድንጋይ ግንብ ከመሬት 50 ሳ.ሜ. ይውጣ። ምሰሶው ድንጋዩ ላይ ይቀመጥ፣ ከግንቡ የወጣ 12 ቁጥር ፌሮ ወደ ሥሩ ይግባ። ያልተቀበረ ምሰሶ ወደ ጎን ስለሚወዛወዝ ፊት ለፊት በሚተያዩ አራት ክፍተቶች ላይ ሰያፍ እንጨት በመስቀለኛ ይመታ። ይህን አትዝለሉት፤ ነፋሱም መንቀጥቀጡም የሚፈትነው እሱን ነው።

ለምርጊት መረሬውን አትጠቀሙ፣ ቀይ አፈር ፈልጉ። አፈሩን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨው ቆንጥራችሁ በጥብጡና አስቀምጡት፦ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው በማግስቱ ከላይ ይታያል። ሸክላው ከሩብ ከበለጠ አሸዋ ጨምሩ። በስፍር ለሦስት አፈር አንድ የጤፍ ጭድ፤ በእግር ተረግጦ፣ በየሁለት ቀኑ እየተገለበጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቡካ። ጭዱ ሲለሰልስና ሽታው ሲጎመዝዝ ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት ጨርሶ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ፤ ከሥር ያለው ሲሰበሰብ የላዩን ይዞት ይሰነጠቃል። የመጨረሻው 1 ሳ.ሜ. የተነፋ አፈርና ትኩስ እበት ነው። በላዩ ኖራ መቀባት ይቻላል፣ ሲሚንቶ ግን በፍጹም አይለሰን፤ እርጥበቱን አፍኖ ከነምርጊቱ ይወርዳል።

ጊዜውን ጠብቁ። መስከረም መጨረሻ ተጀምሮ ምርጊቱ ጥቅምት ውስጥ ካላለቀ ውርጩ እርጥቡን ጭቃ ያፈርሰዋል። ካመለጣችሁ እስከ ጥር ታገሡ፣ ከበልግ ዝናብ በፊት ይድረስ።

ሞርሳ (ኮምቦልቻ)

ሾጣጣው ለመኖሪያ ይሻላል፣ እኔም እቀበላለሁ። ዶሙን ከወደዳችሁት ለችግኝ ቤት አድርጉት፤ ላስቲክ ቀላል ነው፣ ከላሜራው ይልቅ ለመስፋት ይመቻል፣ ሌሊት ችግኙን ከውርጭ ይከልላል። 2 ሜትር ሬዲየስ ይበቃል፦ «ሀ» 1.093፣ «ለ» 1.236 ሜትር፣ ሲቆረጥ በየዘንጉ 4 ሳ.ሜ. ጨምሩ። ፀሐይ የሚችል 200 ማይክሮን ላስቲክ ይሁን፤ ቡሎኑ ጫፍ ላይ ጨርቅ ወይም የጎማ ቁራጭ እሰሩበት፣ የሚቀደደው እዚያ ነው። አሥሩንም የታች መጋጠሚያ 60 ሳ.ሜ. በተቀበረ ፌሮ ወደ መሬት አስሩ፤ ዶሙ ቀላል ስለሆነ ያልታሰረ እንደሆነ ነፋስ ያነሣዋል።