አባቴን በብርሃን ስለሚሠራው የካንሰር መድኃኒት የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ ከቢቸና ነው የምጽፈው። አባቴ የምግብ ቱቦ ካንሰር እንዳለበት ከተነገረን 2 ወር ሆነን። እንጀራ መዋጥ አቅቶታል፣ ያለው በአጥሚት ነው፣ እሱም አንዳንዴ ይመለስበታል።

ስፈልግ ስፈልግ ፎቶፍሪን የሚባል በብርሃን የሚሠራ መድኃኒት አገኘሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ለዚሁ በሽታ ፈቅዳዋለች፣ ያውም ለማዳን ሳይሆን የተዘጋውን ከፍቶ ሰው እንዲውጥ ለማድረግ። በደም ሥር ይሰጣል፤ ከ40 እስከ 50 ሰዓት ይጠበቅና በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) በኩል የሞገድ ርዝመቱ 630 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ሌዘር እጢው ላይ ይበራል። መድኃኒቱ ብርሃኑን ሲያገኝ እዚያው ያለውን ኦክስጅን ሴል ወደሚገድል ነገር ይለውጠዋል። እኔ ለአባቴ ይህን ብቻ ነው የምመኘው፣ አንድ ጉርሻ እንዲውጥልኝ።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ከመርፌው በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ከፀሐይ መሸሸግ አለበት ይላል። አባቴ ገበሬ ነው፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፣ ቤት ዋል ቢሉት እሺ የሚል ሰው አይደለም። ጋቢ መከናነብ ይበቃል ወይስ ጭራሽ መውጣት የለበትም? ደግሞ በሲቲ ስካኑ እጢው ወደ አየር ቱቦው ተጠግቷል፤ ወደዚያ ዘልቆ ከገባ ይህ ሕክምና አይሰጥም ሲባል አንብቤያለሁ፣ መጠጋቱ ብቻስ ይከለክላል? ሐኪሙን ብጠይቀው «ይቅርብህ» ብሎኝ ወጣ።

ቱቦውን የሚከፍት ስቴንት ያስገባ ዘመድ ያላችሁ፣ እሱ ይሻለዋል የምትሉም ንገሩኝ። በእናታችሁ፣ ሐኪም ወይም ነርስ የሆናችሁ ዝም አትበሉኝ።