የ«ቪ12»ን ምልክት ስገለብጥ ሲሜትሪው ይቀየራል ወይ?

የፔዳዋ፦
ሰላም ጎበዞች። ባሕር ዳር ነው ማስተርሴን የምሠራው፣ ቴሲሴ በሁለት ባንድ (ሁለት የኤሌክትሮን ኢነርጂ ረድፍ ባለው) ሱፐርኮንዳክተር ላይ ነው፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም በሚያስተላልፍ ቁስ። ሁለቱን ባንዶች የሚያያይዘውን ቪ12 ከሚስብ ወደሚገፋ ስገለብጠው ቲሲ (ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀት) ንቅንቅ አይልም፣ የአንዱ ባንድ ጋፕ (የኤሌክትሮኖቹ ጥምረት ልክ) ምልክት ብቻ ማይነስ ይሆናል። አማካሪዬ «ያም ኤስ ያም ኤስ (አንድ ዓይነት ሲሜትሪ) ነው» ብለው አለፉኝ። ምልክቱ ተቀይሮ እንዴት አንድ ይሆናል?

ጣና ዳር፦
እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ሲሜትሪ የሚባለው ክሪስታሉን ስታዞሪው ጋፑ የሚሆነው ነገር ነው። ብረት (አይረን) ያለባቸውን ሱፐርኮንዳክተሮች አስቢ፤ 90 ዲግሪ ብታዞሪያቸው በሞመንተም ካርታው መሃል ያለው ፕላስ ጋፕ ያለው የሆል (የኤሌክትሮን ጉድለት) ኪስ እዚያው መሃል ነው፣ ዳር ያሉት የኤሌክትሮን ኪሶች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ግን ሁለቱም ማይነስ ስለሆኑ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ይህ ኤ1ጂ ነው፣ ሲዞር የማይለወጠው የኤስ ሲሜትሪ መደበኛ ስም። የኩፕሬቶቹ (መዳብና ኦክስጅን ያለባቸው ሱፐርኮንዳክተሮች) ዲ ዌቭ የሚባለው ጋፕ ግን ሲዞር ፕላሱ ማይነስ ይሆናል፣ ሲሜትሪ ተለየ የሚባለው ያኔ ነው።
ቲሲ ያልተነቃነቀው ደግሞ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው የላምዳ12 እና የላምዳ21 (ከቪ12 የሚወጡት በባንዶቹ መካከል ያሉ የትስስር ቁጥሮች) ብዜት ስለሆነ ነው። ማይነስ በማይነስ ያው ፕላስ። እስቲ ላምዳ11ንና ላምዳ22ን (በየባንዱ ውስጥ ያለውን ትስስር) ዜሮ አድርጊና መገፋፋቱን ብቻ ተዪው፣ አሁንም ሱፐርኮንዳክተር ታገኛለሽ! የፊዚክስ ተመራማሪው ማዚንና ባልደረቦቹ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለብረቶቹ ያቀረቡት ሐሳብ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። በ2001 ሱፐርኮንዳክተርነቱ የተገኘው ማግኒዝየም ዳይቦራይድ (ቲሲው 39 ኬልቪን) ግን ኤሌክትሮኖቹን ፎኖን (የክሪስታሉ ንዝረት) ነው የሚያጣምራቸው፣ ጋፖቹ 7 እና 2 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ፣ ምልክታቸውም አንድ።

ፖሊ ማታ፦
ቲሲ ካልለየው ታዲያ የጋፖቹ ምልክት ተቃራኒ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጣና ዳር፦
ንጹሕ ናሙና ላይ ነው የማይለየው። ማግኔት ያልሆነ ባዕድ አተም ጨምርበት። ኤሌክትሮኑ ከባንድ ወደ ባንድ ሲበተን ፕላስና ማይነሱ ይጣፋሉ፣ ቲሲም ይወድቃል። ምልክታቸው አንድ ከሆነ ጋፖቹ ይቀራረባሉ፣ ቲሲ ትንሽ ወርዶ ይቆማል። ኒውትሮን ሲበተንበት የሚታይ ሬዞናንስ የሚባል ምልክትም አለ፣ እሱ ላይ ግን ገና ይከራከራሉ።

የፔዳዋ፦
ዜሮ አድርጌ አየሁት፣ እውነትም ሠራ! ጋፖቹ እኩል ሆነው ተቃራኒ ወጡ። ሦስተኛ ባንድ ብጨምርስ?

ጣና ዳር፦
ሦስቱም ከተገፋፉ ሁሉም ለሁሉም ተቃራኒ መሆን አይችሉም፣ በጋፖቹ መካከል ያለው ፌዝ (አንግል) ከፕላስና ማይነስ ውጭ፣ ኮምፕሌክስ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የጊዜ ግልበጣ ሲሜትሪም (ጊዜ ወደ ኋላ ቢሄድም ያው መሆን) ይፈርሳል። እሱን ለፒኤችዲ አቆዪው፣ አማካሪሽን አታስደንግጪ 😄